የቤታችን የቲቪ ኬብል ሲግናል ሲያፈስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ የኬብል ቲቪ ወይም የኬብል ኢንተርኔት ላላችሁ፣ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከበድ ያለው መልሻለሁ።

ኬብል «ሲግናል ያፈሳል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጣሪያ እንደሚያፈሰው ነው። ከግድግዳው የሚወጣው ክብ ኬብል መሃሉ ላይ አንዲት የመዳብ ሽቦ አለችው። እሷን ነጭ ፕላስቲክ ከቧታል። በፕላስቲኩ ላይ ስስ የአሉሚኒየም ፎይል፣ በፎይሉ ላይ ደግሞ እንደ ጥልፍ የተሰራ ቀጭን ሽቦ አለ። ፎይሉና ጥልፉ አጥር ናቸው። ውስጥ ያለው ሲግናል እንዳይወጣ፣ ውጭ ያለው ራዲዮ እንዳይገባ ይከለክላሉ። አጥሩ አንድ ቦታ ከተሰበረ ወይም ከላላ፣ ኬብሉ እዚያች ቦታ ላይ አንቴና ይሆናል።

አንቴና ደግሞ ይልካልም፣ ይቀበላልም። ሲግናል የሚወጣበት ቀዳዳ ካለ፣ በዚያው ቀዳዳ የውጭ ራዲዮ ይገባል። ከታች የምለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ቲቪዬ ጥርት ብሎ ነው የሚታየው። ትንሽ ቢያፈስ ማንን ይጎዳል?

ኬብሉ ውስጥ ከ54 እስከ 1000 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ቦታ ሁሉ በቻናልና በኢንተርኔት የተሞላ ነው። አጥሩ እስካልተከፈተ ድረስ ችግር የለውም። አየር ላይ ግን እነዚያው ፍሪኩዌንሲዎች ባለቤት አላቸው። ከ108 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው የአውሮፕላኖች ነው። ከ118 በታች ያለው አቅጣጫና የማረፊያ መስመር የሚያሳየው መሳሪያ የሚሰራበት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ፓይለቱና የመቆጣጠሪያ ማማው የሚነጋገሩበት ነው። 121.5 ሜጋኸርዝ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ነው። ከ144 እስከ 148 ያለው አማተር ራዲዮ (ለትርፍ ጊዜ የሚሠራበትን የግል ራዲዮ) ለሚጠቀሙ ሰዎች የተሰጠ ነው። 600 እና 700ዎቹ ውስጥ ደግሞ የሞባይል ስልክ አለ።

ለዚህ ነው የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ የምንለው፣ ገደብ ያወጣው። ከ54 እስከ 216 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ከኬብሉ 3 ሜትር ርቀት ላይ ሲለካ በሜትር ከ20 ማይክሮቮልት መብለጥ የለበትም። ለዲጂታል ሲግናል ቁጥሩ ከዚህም ትንሽ ዝቅ ይላል። ደንቡ የአንዱን ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ድምርም ይመለከታል። ትንንሽ ቀዳዳዎች ተደማምረው ሰማይ ላይ ስለሚታዩ ነው።

ሁለተኛው ተጎጂ ጎረቤታችሁ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከቤታችሁ ወደ ኩባንያው የሚመለሰው ሲግናል በብዙ ቦታ ከ5 እስከ 42 ሜጋኸርዝ ባለው ጠባብ መንገድ ነው የሚሄደው። ያ መንገድ የሰፈሩ ሁሉ የጋራ ነው። እናንተ ቤት በላላ ኮኔክተር (በኬብሉ ጫፍ ላይ ባለው ማገናኛ ብረት) የገባው ጩኸት፣ ማለትም የውጭ ራዲዮ፣ ከሌላው ቤት ጩኸት ጋር እየተደመረ ይወጣል። እናንተ ፊልም በሰላም እያያችሁ፣ ሦስተኛው ቤት ያለች ልጅ የዙም ትምህርቷ ይቆራረጥባታል።

ኬብሌ እንደሚያፈስ በምን አውቃለሁ?

በዓይን አይታይም፤ ምልክት ግን ይሰጣል። የተወሰኑ ቻናሎች ብቻ ምስላቸው ይሰባበራል፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው። ኢንተርኔቱ ቀን ቀን ደህና ሆኖ በሆነ ሰዓት ይቆራረጣል። ሞደሙ በራሱ ጠፍቶ ይነሳል። ከቲቪው ጀርባ ኬብሉን ነካ ስታደርጉት ምስሉ ይለወጣል። ይህ የመጨረሻው በጣም ጠንካራ ምልክት ነው። ደህና ኬብል ቢነካም አይለወጥም።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም ምልክት ሳይኖር ኩባንያው ራሱ ይነግራችኋል። መኪናቸው ላይ መለኪያ ጭነው በየመንገዱ ይዞራሉ፤ ደንቡ መስመራቸውን በየጊዜው እንዲፈትሹ ያስገድዳቸዋል። በር ላይ ወረቀት ለጥፈው ከሄዱ «ማጭበርበሪያ ነው» ብላችሁ አትጣሉት። በወረቀቱ ላይ ባለው ሳይሆን በቢላችሁ ላይ ባለው ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ።

ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የት ነው?

ኮኔክተሩ ላይ። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል። ግድግዳ ውስጥ ያለው ኬብል በራሱ ጊዜ አይበላሽም። የሚበላሸው ሰው እጅ የነካው ቦታ ነው፦ ከቲቪው ጀርባ፣ ሞደሙ ላይ፣ ስፕሊተሩ (አንዱን ኬብል ለብዙ የሚያካፍለው ዕቃ) ላይ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ኋላ። በጣት ብቻ የተጠበቀ ዳዶ በጊዜ ብዛት ይላላል። ሶፋ ሲገፋ፣ ቲቪ ለጽዳት ሲነሳ፣ ልጅ ሲጎትተው ይላላል።

ሳይጠመዘዝ እንዲሁ ተገፍቶ የሚገባውን ኮኔክተር ካያችሁ ወዲያው አውጡት። በፒንሳ ተጨፍልቆ የታሰረውም እንዲሁ ይቀየር። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቀጭኑ የድሮ ኬብል ነው። ልባሱ ላይ «አርጂ 59» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ አጥሩ ብዙውን ጊዜ ሳሳ ያለ ነው። ዛሬ የሚያስፈልገው «አርጂ 6» ነው። ኬብሉ ላይ የተመታ ስቴፕል፣ በር የቀረጠፈው ቦታ፣ ውጭ ላይ ሽኮኮ የበላውም አለ። ሽኮኮዋን በቀላሉ አትዩዋት። እዚህ አገር የኬብል ቀንደኛ ጠላት ናት።

መለኪያ መሳሪያ ሳይኖረኝ ቀዳዳውን እንዴት ላግኘው?

እኔ ይህን የተማርኩት ሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት ተከራይቼ ስኖር ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጎን ያሉት ሽማግሌ በሩን አንኳኩ። አማተር ራዲዮ የሚጠቀሙ ሰው ናቸው። በአንድ እጃቸው ትንሽ ራዲዮ፣ በሌላው ዘንጎች ያሉት አንቴና ይዘዋል። «145 ላይ የሚጮህብኝ ነገር ከዚህ ቤት ነው የሚመጣው» አሉኝ። አስገባኋቸው። አንቴናውን ወደ ኩሽናው ሲያዞሩት የራዲዮው ጩኸት ቀነሰ። ወደ ቲቪው ሲያዞሩት ጨመረ። የቲቪውን ጠረጴዛ ሳብ ሳደርገው ኋላው አቧራ የለበሰ ባለ አራት ቀዳዳ ስፕሊተር አገኘን። ሁለቱ ቀዳዳዎች ኬብል አላቸው። አንዱ ባዶውን ነው። አራተኛው ላይ ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ የተወው የቤት ውስጥ አንቴና ተጠምዝዟል። አንቴናውን በጣቴ ፈታሁት። ራዲዮው ጸጥ አለ። ለስንት ወር የኬብሉን ሲግናል አየር ላይ ስናሰራጭ እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ አፈርኩም።

እናንተ ራዲዮ ባይኖራችሁም በመለየት ታገኙታላችሁ። ኬብሉ ወደ ቤት የሚገባበትን የመጀመሪያ መገጣጠሚያ ፈልጉ። ሞደሙን በቀጥታ እዚያ አምጥታችሁ አጭር አዲስ ኬብል አገናኙት፤ ሌላው ሁሉ ተፈትቶ ይቆይ። ለአንድ ቀን ሰላም ከሆነ ችግሩ ከዚያ ወዲህ፣ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ከዚያ አንዱን ክፍል መልሱ፣ ጠብቁ፣ ሌላውን መልሱ። የሚያስቸግረው ሲገባ ራሱን ያጋልጣል። ጎረቤት ራዲዮዬ ይጮሃል ካለም መንገዱ አንድ ነው፤ ከመግቢያው ስትፈቱት ጩኸቱ ከጠፋ የእናንተ ነው፣ ካልጠፋ የእናንተ አይደለም።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። የቤት ስልካችሁ በሞደሙ የሚሰራ ከሆነ ኬብሉ ተፈትቶ ሳለ 911 መደወል አይቻልም፤ ሞባይል አጠገባችሁ ይሁን። ሌላው ከዚህ ይከብዳል። ዳዶውን ስትፈቱ ብልጭታ ካያችሁ ወይም እጃችሁን ነዘር ካደረጋችሁ ወዲያው ተዉት። የቤቱ ኤሌክትሪክ ተበላሽቶ በኬብሉ አጥር በኩል ሊመለስ ይችላል። ያ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚጠራበት ጉዳይ ነው።

ኮኔክተሩን ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው የኬብል መላጫ፣ ኮኔክተሩን የሚጭን መሳሪያ፣ ለኬብላችሁ ውፍረት የሚሆን ባለ መጭመቂያ ኮኔክተርና 11 ሚሊሜትር መፍቻ ነው። 7/16 ኢንች ቢሆንም ይገጥማል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ላይ በአንድ ሳጥን ይሸጣሉ።

መጀመሪያ ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። መላጫው ሁለት ምላጭ አለው። አንዱ እስከ መዳቡ ይልጣል፣ ሌላው የውጭውን ልባስ ብቻ። 6 ሚሊሜትር ያህል ራቁቱን መዳብ፣ ከኋላው 6 ሚሊሜትር ያህል ነጭ ፕላስቲክ ከነፎይሉ ይታያችሁ። ጥልፉን በጣታችሁ ወደ ኋላ በልባሱ ላይ አጥፉት። አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ ወደ ፊት ቀርታ መዳቡን ከነካች ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩ። ከዚያ ኮኔክተሩን ግፉ። ይከብዳል፤ ጠምዘዝ እያደረጋችሁ ግፉ። በኮኔክተሩ አፍ ወደ ውስጥ ስታዩ ነጩ ፕላስቲክ ከወለሉ ጋር እኩል መሆን አለበት። ዝቅ ካለ አልገባም፣ ከፍ ካለ ከልክ በላይ ገብቷል። መዳቡ ከዳዶው ጫፍ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይውጣ። አሁን ጨምቁት።

ስትገጥሙት በጣት እስኪቆም አዙሩና በመፍቻ ትንሽ ጠበቅ አድርጉት። ከልክ በላይ አታጥብቁ፤ በተለይ ቲቪው ላይ ያለው ቀዳዳ ከውስጥ ሊሰበር ይችላል። እኔ የማየው የብዙ ቤት ችግር ይህቺ የመፍቻ ጭማሪ መቅረቷ ነው። ምንም ሳትገዙ ዛሬ ማታ መፍቻ ይዛችሁ ቤቱን ብትዞሩ ግማሹን ችግር ትጨርሳላችሁ።

ቀዳዳውን በፎይል ወይም በናስትሮ ብጠቀልለውስ?

አይሰራም። አጥሩ ከመዳቡ ዙሪያ ሳይቋረጥ ከኮኔክተሩ ብረት ጋር መገናኘት አለበት። ናስትሮ ከውጭ ውሃ ይከላከል ይሆናል፤ ራዲዮን አይከላከልም።

ስፕሊተሩ ላይ የተረፈ ቀዳዳ ቢኖር ችግር አለው?

አለው። መድኃኒቱም ርካሽ ነው። 75 ኦም የሚባለውን ትንሽ መድፈኛ ገዝታችሁ ጠምዝዙበት። ኬብል ኖሮት ጫፉ ክፍት የሆነውም እንዲሁ ይደፈን፤ አልጋ ስር ተጠቅልሎ የተረሳው ኬብል ረጅም አንቴና ነው። የማትጠቀሙበትን መስመር ከስፕሊተሩ መፍታት ከሁሉም ይሻላል።

ስፕሊተሩንም አሳንሱት። ባለ ሁለት ቀዳዳው 3.5 ዴሲቤል ያህል፣ ባለ አራቱ 7 ዴሲቤል ያህል ሲግናል ይበላል። አንድ ቲቪና አንድ ሞደም ላለው ቤት ባለ ሁለቱ ይበቃል።

የአገር ቻናል የማይበት ዲሽ አለኝ። ዲሹንና ኬብሉን በአንድ ስፕሊተር ባገናኛቸውስ?

በፍጹም አታድርጉት። ሪሲቨሩ ጣሪያ ላይ ላለው ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ላይ ለተገጠመው ሲግናል ተቀባይ) 13 ወይም 18 ቮልት በዚያው ኬብል ይልካል። ያ ቮልት ወደ ኬብል ኩባንያው መስመርና ወደ ሞደማችሁ መሄድ የለበትም። በተጨማሪ የኬብሉ ሲግናል በተቃራኒው ወደ ጣሪያው ይወጣል። ሁለቱ መስመሮች እስከ መጨረሻው ተለያይተው ይሂዱ። የአየር ላይ አንቴናም ቢሆን ሕጉ ያው ነው፤ የእኔን የሲልቨር ስፕሪንግ ጉዳይ አስታውሱ።

ቲቪውን ሰርዤ ኢንተርኔት ብቻ ነው ያለኝ። እኔንም ይመለከተኛል?

አዎ። ኢንተርኔቱም በዚያው ኬብል ነው የሚመጣው። እንዲያውም ቲቪ የሰረዙ ቤቶች የባሱ ናቸው፤ በየክፍሉ ክፍት ሶኬት ይቀራል። ሞደሙ ያለበትን መስመር ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን በሙሉ ፍቱት። አንዳንድ ኩባንያ መመለሻውን መንገድ እስከ 85 አልፎም እስከ 204 ሜጋኸርዝ እያሰፋ ነው። እስከ 204 ሲሰፋ የኤፍኤም ጣቢያና የአውሮፕላን ራዲዮ እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። ከእንግዲህ ልቅ ኮኔክተር ኤፍኤምን ወደ መስመሩ ያስገባል፤ ሞደማችሁ የሚልከውም በአውሮፕላኑ ክልል ሊወጣ ይችላል።

የሞደሙ ገጽ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ይነግሩኛል?

በብዙ ሞደሞች ላይ ብራውዘር ከፍታችሁ 192.168.100.1 ብትጽፉ ገጹ ይመጣል። የሚገባው ሲግናል ኃይል ከዜሮ ብዙ ባይርቅ ጥሩ ነው፤ ከ7 በታችና ከነጌቲቭ 7 በላይ ቢሆን እኔ ደስ ይለኛል። ከጩኸት ጋር ያለው ልዩነት ከ33 ዴሲቤል በላይ ይሁን። «ሊታረሙ ያልቻሉ» የሚለው ስህተት በየሰዓቱ ካደገ የሆነ ነገር እየገባ ነው።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስተያዩ። ሁሉም ቻናሎች ደህና ሆነው በ600ዎቹ ወይም በ700ዎቹ ሜጋኸርዝ ያሉት አንድ ሁለት ብቻ ወርደው ካያችሁ የስልክ ሲግናል መግባቱን ጠርጥሩ። ሞባይላችሁን ኮኔክተሩ አጠገብ አድርጋችሁ ደውሉና ገጹን አድሱት። ቁጥሩ ከወረደ ቦታውን አገኛችሁት። ምንም ካልተለወጠ ግን ኮኔክተሩ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ስልኩ በዚያ ሰዓት በሌላ ፍሪኩዌንሲ እየሰራ ሊሆን ይችላል።

ቡስተር (ሲግናል ማጉያ) ብገዛ አይሻልም?

ቀዳዳው ሳይደፈን አትግዙ። ቡስተር ሲግናሉን ብቻ ለይቶ አያሳድግም፤ የገባውን ጩኸትም አብሮ ያሳድጋል፣ የሚወጣውንም ያጠነክራል። ባልዲው ቀዳዳ ሆኖ ቧንቧውን እንደ መክፈት ነው። የድሮ ቡስተር ደግሞ መመለሻውን 42 ሜጋኸርዝ ላይ ይቆርጠዋል፤ አዲሱን ሰፊ መንገድ ይዘጋባችኋል። ብዙ ቤት ውስጥ ቡስተሩን አውጥቼ ስፕሊተሩን በመቀነስ ብቻ ተስተካክሏል።

ተከራይ ነኝ። ማን ነው የሚጠግነው?

ደንቡ ድንበር አለው። ለብቻው በቆመ ቤት ኬብሉ ወደ ቤቱ ከሚገባበት 12 ኢንች ያህል ወደ ውጭ ያለው ነጥብ መለያው ነው። አፓርትመንት ከሆነ ነጥቡ ወደ እናንተ ክፍል ከሚገባበት ይቆጠራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ኩባንያው ይጠግናል፤ አትንኩት። ምሰሶ ላይ መውጣት፣ የውጭ ሳጥን መክፈት የእናንተ ሥራ አይደለም። ከውጭው ሳጥን ወደ መሬት የሚሄደውን አረንጓዴ ወይም ራቁት ሽቦም አታላቅቁ፤ እሱ ከመብረቅና ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቃችሁ ነው።

ግድግዳ ውስጥ ያለ ከሆነ አከራዩን ንገሩ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ለኩባንያው ስትደውሉ «ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ነው» ከማለት «የሲግናል ሊኬጅ ጠርጥሬያለሁ» በሉ። እነሱ የሚያውቁት ቃል እሱ ነው። ቴክኒሺያኑ ከመምጣቱ በፊት የቤት ውስጥ ሥራ ያስከፍሉ እንደሆነ ጠይቁ።

ኩባንያው አገልግሎቴን ሊቆርጥብኝ ይችላል?

ይችላል፤ በደንቡ የተፈቀደ ነው። የቤታችሁ ውስጥ ዕቃ ከልክ በላይ የሚያፈስ ከሆነ፣ እስኪስተካከል ድረስ መስመሩን ማቋረጥ የኩባንያው ግዴታ ነው። ቅጣት አይደለም። ተስተካክሎ ሲለካ ይመለሳል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጧችሁ አትለፉት። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እናት አባት ቤት ውስጥ ብቻቸውን ከሆኑ በዚያ ሰዓት ልጅ ወይም ዘመድ አብሯቸው ቢሆን ጥሩ ነው። ወረቀቱ ስላልገባቸው ብቻ ቀናት ያለ ስልክ የቆዩ አዛውንት አውቃለሁ።

አዲስ አበባ ያለው የቤተሰቤ ዲሽስ? እሱም ያፈሳል?

የኬብሉ አሠራር ያው ነው፤ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ከኤልኤንቢው ወደ ሪሲቨሩ የሚወርደው ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ያለ ሲግናል ነው። እዚያ ላይ ዋናው ጠላት ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ «ሲግናል የለም» የሚለው ጽሑፍ የሚበዛው ደመናው ብቻ አድርጎት አይደለም። ጣሪያ ላይ ያለው ጃክ (ኮኔክተሩ) ውሃ ጠጥቶ ጥልፉ ዝጎ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታም ካልተመለሰ ጃኩን ፈትታችሁ እዩ። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ዝገት ካለ ጃኩን ማጽዳት አይበቃም። ኬብሉ ደህና መዳብ እስኪታይ ድረስ ተቆርጦ አዲስ ይገጠም።

ሪሲቨሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ይሠራ፤ 18 ቮልቱ ሰው ባይጎዳም ሽቦ ከሽቦ ሲነካ ሪሲቨሩን ሊያበላሽ ይችላል። ከኤልኤንቢው በታች ኬብሉ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ይውረድ። ውሃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ጃኩ አይሄድም።

ሁሉንም ቀየርኩ፣ አሁንም አልተስተካከለም። ምን ቀረ?

አራት ቦታ እዩ። የግድግዳ ሶኬቱን በብሎን ፍቱት፤ ከኋላው ያለውን ኬብል ከፊቱ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ብረት አለ። ውስጡ የሚይዘው ስለሚላላ መዳቡን በደንብ አይጨብጥም። ሁለተኛ፣ ከሱቅ የተገዛው ርካሽ አጭር ኬብል። ጫፉ በፕላስቲክ ተደፍኖ ያማረ ይመስላል፤ ከውስጥ አጥሩ በደንብ ያልተያዘ ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ ኮርኒስ ላይ ወይም ቤዝመንቱ ጣሪያ ውስጥ ማንም የማያውቀው ሁለተኛ ስፕሊተር። የድሮ ቤት ከሆነ አለ ብላችሁ ፈልጉ። አራተኛ፣ በጠባቡ የታጠፈ ኬብል፤ አርጂ 6 ከ7 ሴንቲሜትር ባነሰ ዙር ሲታጠፍ ውስጡ ይጎዳል፣ ቢቃናም አይመለስም።

እነዚህም ደህና ከሆኑና ሞደሙን መግቢያው ላይ ስታገናኙትም ችግሩ ካለ፣ ቀዳዳው ከቤታችሁ ውጭ ነው። የሞደሙን ገጽ በተለያየ ሰዓት ፎቶ አንሱት፣ ሰዓቱን ጻፉበት፣ ለቴክኒሺያኑ አሳዩት። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ተፈትቶ መሞከሩን ሲያይ በቀጥታ ወደ ምሰሶው ነው የሚሄደው።